ዋስ የሌለው ዋስትና

ነገሩ የጀመረው ጥር 7 ቀን 2017 ማታ ነው። ሱቄን ዘግቼ ገባሁ፣ የኤሌክትሪክ መኪናዬን ግቢ ውስጥ ጌሾው አጠገብ አቆምኩ፣ እንደ ወትሮው የቻርጀሩን ገመድ ሰካሁ። ሁልጊዜ አረንጓዴ የሚበራው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ነቀልኩት። ትንሽ ጠብቄ መልሼ ሰካሁት። አሁንም ቀይ። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ መስመር ቻይንኛ ብቅ አለ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሳስተረጉመው «የቻርጅ ብልሽት፤ እባክዎ ሻጩን ያነጋግሩ» አለኝ።

ሻጩ አዲስ አበባ ነው። እኔ ጎንደር ነኝ። በመካከላችን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድና የአባይ በረሃ አለ። ባትሪው ደግሞ 31 በመቶ ላይ ነበር።

ይቺን 31 ያዙልኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ፣ ነሐሴ ላይ ጎተራዋ እንደጎደለባት ሴት እየቆነጠርኩ የበላሁት እሷን ነው።

«ለመሆኑ ጎንደር ተቀምጠሽ የኤሌክትሪክ መኪና ምን ያደርግልሻል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ወንድሜ ያኔም ብሎኛል፣ አሁንም ይላል። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና እገዛለሁ ያለ ሰው የሚያየው ኤሌክትሪክ ነው። ያገለገለ ቪትዝ ልግዛ ብልስ? ዕድሜው ከሱቄ ለሚበልጥ ቪትዝ የሚጠሩት ዋጋ ያስቃል። አያስቅም እንጂ። ቤንዚኑም አለ። ባጃጆች ማደያ በር ላይ ተሰልፈው ሲያድሩ አይቻለሁ። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ስንት እንደሆነ ለጎንደር ሰው አልነግርም፤ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

እቁብ ወጣልኝ። ባለቤቴ ያጠራቀማትን ጨመረ። የቀረውን ተበደርን። ግንቦት 2016 አዲስ አበባ ወርደን ገዛናት።

መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን ራሳችን ነዳናት። ስለዚያ ጉዞ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን አንድ ነገር ብቻ። ከጎሃ ጽዮን የአባይን ቁልቁለት ስንወርድ የባትሪው ቁጥር መቀነስ ትቶ ጨመረ። ፍሬን በያዝን ቁጥር ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ባትሪውን ይሞላዋል። ባለቤቴ ማመን አቃተው። «እንዲህ ከሆነ ዝም ብለን እንውረድ!» አለ። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ስንጀምር ግን የሰጠችንን ከነወለዱ ወሰደችው። ደብረ ማርቆስ ከሆቴሉ ጥበቃ ጋር ተለማምጠን ከግድግዳ ሶኬት እየሞላን አደርን። ባሕር ዳርም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን አዘዞን አልፈን ቤታችን ገባን።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። መኪናዋን ስታስረክበን የሽያጭ ሠራተኛዋ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ደብተር በሁለት እጇ ሰጠችኝ። የዋስትና ደብተር ነው። ለመኪናዋ ሦስት ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ለባትሪው ስምንት ዓመት። «ምንም ብትሆን እኛ አለን» አለችኝ። ደስ የሚል ልጅ ናት፤ እሷን አልወቅስም። «እኛ» ማን እንደሆኑ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ደወልኩ። ሲስተም የለም ተባልኩ። ከሰዓት ደወልኩ። ኢንጂነሩ መስክ ወጥቷል። እንደውላለን። አልደወሉም። ከዚያ ጥምቀት መጣ። ጥምቀት ላይ ጎንደር ውስጥ መኪና ያለውና የሌለው እኩል ነው፤ ሁሉም ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት በእግሩ ነው የሚወርደው። ቤቴም በእንግዳ ተሞላ። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል ጉዳዩን ረሳሁት። ልክ ረሳሁት አይባልም። ከተራ ዕለት ታቦቱን አጅቤ እልል እያልኩ በመካከል 31 ትዝ ትለኝ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ በአራተኛው ስልክ አንድ ወንድ አነሳ። ችግሩን ሳስረዳው ዝም ብሎ ሰማኝና «እመቤት፣ ባለቤትዎ ቢያናግሩን ይሻላል» አለኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበር። ስልኩን ሰጠሁት። «ባለጉዳይዋ እሷ ናት፤ መኪናዋም በእሷ ስም ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሃያ ዓመት ስንኖር ከተናገራቸው ሁሉ ያቺን አልረሳለትም።

በአምስተኛው ስልክ መልስ አገኘሁ።

«መኪናዋን ወደ ጋራዣችን ያምጧት።»

«በምን ላምጣት?»

«ነድተው።»

«ቻርጅ አልቀበል አለች እኮ ነው የምልዎት።»

«እንግዲያው በሎቤድ አስጭነው።»

«የሎቤዱንስ ማን ይከፍላል?»

«እሱ የደንበኛው ነው።»

ሎቤድ ጠየቅኩ። የተጠራልኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን ጽሑፍ እናቴ ታነበዋለች።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለካ የጎንደር ሰው የመኪና ዋስትና ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ያው ደብተር ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ወስዶ ያቆማል፣ ማታ ተመልሶ ይጮህባቸዋል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ያው ፊደል፣ ያው ማኅተም ሆኖ ዋጋው ይቀንሳል። ስገዛ ግን ርቀቱ ተብሎ አንድ ብር አልቀነሱልኝም።

በስድስተኛው ስልክ ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። «የእናንተ አካባቢ መብራት ይዋዥቃል። ቻርጀሩን ያቃጠለው መዋዠቅ ነው። መዋዠቅ ደግሞ ዋስትና ውስጥ አይገባም፤ ደብተሩን ያንብቡት» ተባልኩ። መኪናዋን አላዩ። ፎቶ እንኳን አልጠየቁ። 700 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው መረመሯት።

እውነት ለመናገር ያን ቀን ተሸነፍኩ። ደብተሩን አነበብኩት፤ እውነትም ተጽፏል። መብራቱም እውነትም ይዋዥቃል። ማታ ማታ አምፖላችን እንደ ኩራዝ ይሆናል። በልቤ «እነሱስ ምን ያድርጉ» ማለት ጀምሬ ነበር። ሲያመላልሱህ ቆይተው የገዛ ጥፋትህ እስኪመስልህ ያደርሱሃል።

ከዚያ ያወጣኝ አውቶ ፓርኮ ያለ አንድ ወጣት መካኒክ ነው። ቤት ድረስ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተና አየት አድርጎ እጁን ሰበሰበ። «እትዬ፣ እኔ አልነካትም» አለ።

«ለምን?»

«እኔ አንድ ብሎን ከፈታሁ እነሱ ምክንያት አገኙ። ደብተርሽ ላይ ከእኛ ጋራዥ ውጭ የተነካ ይላል አይደል?»

ይላል። እንጀራውን ትቶ እንዲህ የሚመክር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። በዚያው አንድ ነገር አስተማረኝ። ከግድግዳ የምናገኘው ኤሌክትሪክ ኤሲ የሚሉት፣ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄደው ነው፤ ባትሪው የሚቀበለው ዲሲ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደው ነው። የሚቀይረው ሳጥን ያለው መኪናዋ ውስጥ ነው። እኛ ቻርጀር የምንለው ገመድ ገመድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ዋናው ቻርጀር ያ ሳጥን ነው። ስልኩን ወደ ውስጥ ሰድዶ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አነሳልኝ። ቻይንኛው ቢቀርም ቁጥሩን ማንም ያነበዋል፦ ኤሲ ከ85 እስከ 265 ቮልት።

ሁለታችንም ተያየን። ሳጥኑን የሠሩት ሰዎች መብራት እንደሚዋዥቅ ያውቃሉ። አስበውበት ነው የሠሩት።

ከሱቄ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አወጣሁ። የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነኝና ደብተር አይቸግረኝም። ከመካኒኩ ቴስተር ተዋስኩ። ለዘጠኝ ቀን ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታና ሌሊት የሶኬታችንን ቮልቴጅ እየለካሁ ጻፍኩ። ልጄ ቀኑንና ሰዓቱን ትጽፋለች፣ እኔ ቁጥሩን። ዝቅተኛው 171 ሆነ፣ አንድ እሁድ ማታ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ ሲጋግር። ከፍተኛው 238፣ ሌሊት። ሁሉም ከ85 በላይ፣ ሁሉም ከ265 በታች። መብራት በሌለበት ሰዓት ደግሞ «የለም» እያልን ጻፍን። ብዙ «የለም» አለ። «የለም» ግን ቻርጀር አያቃጥልም።

የመሬት ሽቦውንም ጉዳይ አነሱብኝ፣ ኤሌክትሪሻኖች ኧርዝ የሚሉትን። እዚህ ላይ ቀድሜያቸው ነበር። መኪናዋ እንደመጣች ሰሞን ገመዱ የቤታችን ሶኬት ኧርዝ የለውም ብሎ እምቢ ብሎን ስለነበር፣ አንድ ኤሌክትሪሻን የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ሠርቶልን ነበር። ለሥራው ደረሰኝ አስጽፌ ማስቀመጤ ያኔ ባለቤቴን አስቆት ነበር።

አንድ ጥፋት ግን ነበረብኝ። በ5 ሺህ ኪሎ ሜትር መኪናዋን ወደ እነሱ ጋራዥ ለሰርቪስ መውሰድ ነበረብኝ። አልወሰድኩም። ያኔ ደውዬ «ጎንደር ነኝ» ስላቸው «ችግር የለም፣ እዚያው ያስደርጉት» ብለውኛል። በቃል ያለ ይረሳል ይባላል፤ ረሱት። ግን ያቺ ደስ የምትል የሽያጭ ልጅ ያንኑ ነገር በቴሌግራምም ጽፋልኝ ኖሯል፦ «እሺ እዚያው ያስደርጉት እህቴ»። ከታቹ አበባ አለው። አትሜ፣ ሦስት ኮፒ አነሳሁት። ከነአበባው።

በዚህ መካከል ነው ስለ ቃሉ ማሰብ የጀመርኩት። ዋስትና የምንለው ከዋስ የመጣ ነው። ዋስ ደግሞ ሰው ነው። ስም አለው፣ ቤቱ ይታወቃል። በእኛ አገር ሰው ሲከሰስ «ዋስ ጥራ» ይባላል፤ ጥራ ነው የሚባለው፣ ከደጅ ገብቶ የሚቆም ሰው ስለሆነ። በዚችው በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት ወንጌል ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋጋው ስንት ወርቅ እንደሆነ ይጻፍና ከዚያ የሰዎች ስም ይከተላል። ምስክሩ እገሌ፣ ዋሱ እገሌ። የእኔን ሰማያዊ ደብተር ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ዋስትና የሚለው ቃል በየገጹ አለ። የአንድ ሰው ስም ግን የለበትም። ከታች ፊርማ አለ፤ ፊርማው የማን እንደሆነ አይነበብም።

ከሱቄ ወረቀት የሚገዛ አንድ የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር አለ። አንድ ደስታ ወረቀት ሊገዛ መጥቶ አንድ ሰዓት አስቀመጥኩት። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006 በሚባለው፣ ገዢ ዕቃው ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ነገረኝ። የእኔ 15 ቀን ካለፈ ወራት ሆኖታል። «ግን እሱ ብቻ አይደለም» አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው። ደብተሩም ራሱ ውል ነው፤ ሦስት ዓመት ካለ ሦስት ዓመት ነው። «አንቺ ማድረግ ያለብሽ ጉድለቱን እንዳወቅሽ ሳትዘገዪ፣ ምን እንደሆነ ለይተሽ ለሻጩ ማስታወቅ ነው» አለኝ።

«ስድስት ጊዜ ደወልኩ እኮ!»

«ስልክ ማን ያያል? ጻፊ።»

ሊወጣ ሲል ደግሞ ከሁሉ የጠቀመኝን ነገር ጣል አደረገ። «እምቢ ካሉሽ እምቢታቸውን በጽሑፍ ጠይቂ። ሰው በስልክ እምቢ ማለት ይወዳል። መፈረም ላይ ነው የሚያመነታው።»

ደብዳቤውን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል። ስድብ የለውም፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ነበረ፣ ባለቤቴ አወጣው። መቼ እንደገዛሁ፣ የሻሲ ቁጥሯን፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች (9,400)፣ በስንት ቀን በስንት ሰዓት ምን መብራት እንደበራ፣ መቼ መቼ ደውዬ ማን ምን እንዳለኝ። ከዚያ የቮልቴጁ ደብተር ኮፒ፣ የሳጥኑ ፎቶ፣ የኧርዙ ደረሰኝ፣ አበባ ያለበት ቴሌግራም። መጨረሻ ላይ «በ10 ቀን ውስጥ እንድትጠግኑልኝ፣ ካልሆነ የማትጠግኑበትን ምክንያት በድርጅቱ ማኅተም አስደግፋችሁ በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ።»

ከሥሩ ደግሞ ግልባጭ። የአገራችን ደብዳቤ ጉልበቱ ያለው ግልባጩ ላይ ነው። ሰውየው የላይኛውን አያነበውም፤ መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ከታች ማን ማን እንደተጻፈ ለማየት ነው። ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አልኩ። ለከተማችን ንግድ መምሪያ አልኩ። እጄ ጣፍጦት ልቀጥል ስል የሕግ መምህሩ «ይበቃል፣ ለተባበሩት መንግሥታት ልትጽፊ ነው እንዴ?» አለኝ።

ፒያሳ ያለው፣ ጣሊያን የሠራው ፖስታ ቤት ገብቼ በሪኮማንዴ፣ በአደራ ደብዳቤ፣ ላክሁት። ስንት ዓመት በደጁ ሳልፍ ገብቼ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ ደረሰኙን እየመታች «ሰው ዛሬም ደብዳቤ ይልካል?» አለችኝ። ቁጥሯን የያዘች ቁራጭ ወረቀት ይዤ ስወጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የሚጨበጥ ነገር በእጄ እንዳለ ተሰማኝ።

አሥሩ ቀን አለፈ። ዝም። ባትሪው 22።

እንግዲህ አሁን አጎቴን ላምጣቸው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። ጸባያቸውን በአንድ ቃል ንገሪን ካላችሁኝ፣ አይቸኩሉም። የለመንኳቸው ትንሽ ነገር ነው። የደብዳቤውን ቅጂ ይዘው ሄደው ገቢ አስደርገው፣ ቀሪው ላይ ማኅተም አስመትተው እንዲልኩልኝ። ደብዳቤ አልደረሰንም እንዳይሉኝ ብዬ ነው።

ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማሳያ አዳራሹ ገቡ። እንግዳ ተቀባይዋ «ይተዉት አባባ፣ እናስገባዋለን» አለቻቸው። «ገቢ ሳይደረግማ አልተወውም ልጄ» አሉና ለገዢዎች በተዘጋጀው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ማኪያቶ አመጡላቸው። ጠጡ። እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጠው፣ «እንግዲህ ነገ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ።

የዚያን ቀን ነው ከገዢዎች ጋር መጨዋወት የጀመሩት። ራሳቸው በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር። አንድ ጎረምሳ ከእጮኛው ጋር መኪና ሊያይ ይገባል። ጋሼ ብድግ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ። «መኪና ልትገዙ ነው? እንኳን ደስ አላችሁ። መልካም ነው። የእህቴም ልጅ እንዲሁ ከዚህ ገዝታ ነበር፣ ጎንደር ናት» ይላሉ። ከዚያ ዝም። ማኪያቷቸውን ያማስላሉ።

ልጁ መጠየቁ አይቀርም። «ታዲያ እንዴት ነች መኪናዋ አባባ?»

«እሱን ልጠይቅ ነው እኮ የመጣሁት። ትናንትም መጥቼ ነበር።»

በቃ ይኸው ነው። ውሸት አልተናገሩ፣ ሰው አልሰደቡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉ። ውጡ ሊሏቸው አይችሉም፤ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ ገዢ ሁሉ እያየ፣ ማን ይደፍራል? ሁለት ሰዎች «እስቲ እናስብበት» ብለው መውጣታቸውን ጋሼ ቆጥረዋል። የእሳቸውን ቆጠራ አምናለሁ።

በሦስተኛው ቀን የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ከፎቅ ወረደ። ወጣት ነው አሉኝ፣ ሥርዓት ያለው። ጎንበስ ብሎ ጨብጧቸው «አባባ፣ ምን እግር ጣለዎት?» አላቸው።

«ዋስ ፍለጋ ነው ልጄ።»

«የምን ዋስ?»

የሰማያዊውን ደብተር ኮፒ ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። «ይኸው ዋስትና ይላል። ዋሱ ማን እንደሆነ አልተጻፈም። አንተ ነህ?»

«ድርጅቱ ነው አባባ።»

«ጥሩ፤ እንግዲያው ድርጅቱን ጥራልኝና ላነጋግረው።»

ሰውየው ሳቀ። እንግዳ ተቀባይዋም ሳቀች። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ በእውነት እየጠበቁ ነበር። አርባ ዓመት «ዋስ ጥራ» ሲባል ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰውየው ደብዳቤዬን ያን ጊዜ ነው ያነበበው መሰለኝ፣ እዚያው ቆሞ። ግልባጩ ጋ ሲደርስ ቅንድቡ ተነሳ አሉ ጋሼ። ደብዳቤው ገቢ ተደረገ፣ ቀሪው ተመታ። የእጅ ስልኩንም በደብተሩ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈላቸው። ያን ማታ ደወለልኝ።

ቀላል ግን አልነበረም። ዕቃውን እንቀይራለን፣ ባለሙያ እንልካለን፣ የአውሮፕላን ትኬቱን ግን አንቺ አለ። አይሆንም አልኩ። ሦስት ቀን ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ትኬቱን እኩል ከፈልን። እስካሁን ያቺ ግማሽ ትኬት ታቃጥለኛለች። ባለቤቴ «ከሎቤዱ ጋር አስተያይው» ይለኛል። ልክ ነው፤ ግን ያቃጥለኛል።

ባለሙያው መጋቢት አጋማሽ ላይ መጣ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ የተቀበልኩት በዚያችው መኪና ነው። በባጃጅ መሄድ እችል ነበር፤ እልህ ያዘኝ። ከቤት ስወጣ 14 በመቶ ነበረኝ። ሁለቱን ወር ሦስት ጊዜ እናቴ ዘንድ አዘዞ ከመሄድና ከትንንሽ ጉዳይ በቀር አልነዳኋትም ነበር። ስንመለስ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ፣ ሬዲዮውን አጥፍቼ፣ ዳገቱን በኤሊ ፍጥነት ወጣሁት። ልጁ ዳሽቦርዱን አየና «እትዬ፣ ደፋር ነሽ» አለኝ። ግቢ ስንገባ 5።

ሥራው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። አሮጌውን ሳጥን አወጣ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ከላፕቶፕ ጋር አያያዘው። ገመዱን ራሴ እንድሰካ ለቀቀልኝ። አረንጓዴ። ልጄ አጨበጨበች። እኔ ወደ ቤት ገብቼ ምሳ ማቅረቤን ተያያዝኩት፤ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም።

ምሳ ላይ ነው ነገሩ የወጣው። ዶሮ ቀርቧል፣ ልጁ ተጫውቷል፣ ጠላ ቀምሷል። «ይኼ ሳጥን ከዚያ ዙር በመጡት መኪናዎች ላይ ነው የሚያስቸግረው። ይኼ አራተኛዬ ነው» አለ። እንደ ቀላል ነገር። እንጀራውን እየቆረሰ።

ዝም አልኩ። ባለቤቴ አየኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሌሊት እየተነሳሁ የሶኬት ቮልቴጅ ስለካ ትዝ አለኝ።

«እስቲ ያልከውን ጻፍልኝ» አልኩት።

ጉርሻው አፉ ላይ ቀረ። «እትዬ፣ በእናትሽ። እንጀራዬ ነው።»

አልገፋሁትም። ቤቴ በልቶ እንጀራው ቢዘጋ አይቀናኝም። ግን የሥራ ሪፖርቱን ሲሞላ ከጎኑ ተቀመጥኩ። የብልሽቱ ምክንያት በሚለው ቦታ እስክሪብቶው ቆመ። እኔን አየኝ። ከዚያ «የዕቃው የውስጥ ብልሽት» ብሎ ጻፈ። መዋዠቅ አላለም። ሙሉ ስሙን በሚነበብ ፊደል አስጻፍኩት። የአዲሱን ሳጥን መለያ ቁጥር አስጻፍኩት፣ ዋስትናው ከዛሬ እንደሚጀምርም። ሱቅ ወስጄ አራት ኮፒ አነሳሁ፤ አንዱን ለእሱ ሰጠሁት፣ አንዱን ለጋሼ ላክሁ።

ይህ ከሆነ ከወር በኋላ አንድ ሰው ሱቄ መጣ። ከደብረ ታቦር ነው። ያቺው ዓይነት መኪና፣ ያው ቀይ መብራት። የመብራት መዋዠቅ ነው ብለውታል። አውቶ ፓርኮ ያለው መካኒክ ነው ወደ እኔ የላከው። ደብዳቤዬን ኮፒ አንስቼ ሰጠሁት፤ የኮፒውን አልተቀበልኩትም። ቴስተር ግዛ፣ ደብተር ያዝ፣ ሳጥኑን ፎቶ አንሳ አልኩት። አዲስ አበባ ዘመድ አለህ ወይ ስለው የለኝም አለ።

ጋሼ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን አስረዳኋቸው።

«የትኞቹ ናቸው? እነዚያ ማኪያቷቸው ጥሩ የሆነው?»

«እነሱ ናቸው ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡ። «ሰኞ ይሁን» አሉ። «ቅዳሜ ለቅሶ አለብኝ።»